ልጄ ክፍል ውስጥ ምን ሲያደርግ ይውላል? በድሬዳዋ የ1ኛ እና የ2ኛ ክፍል ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት

መስከረም ሲመጣ የትምህርት ቤት በር በወላጅ ይሞላል። ጥያቄው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ከዓመት ዓመት ያው ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የታችኛውን ክፍል በአማርኛ ከሚያስተምሩት አንዷ ነኝ። በር ላይ ቆመን በሁለት ደቂቃ የማንጨርሰውን ነገር እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

የልጄ ቀን እንዴት ነው የሚያልፈው?

ጠዋት ሰልፍ አለ። ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ከዚያ ወደ ክፍል እንገባለን። አንድ ክፍለ ጊዜ በአብዛኛው 40 ደቂቃ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተተገበረው ሥርዓተ ትምህርት ልጆቹ አማርኛ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ ክወናና ዕይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ይማራሉ።

የ7 ዓመት ልጅ 40 ደቂቃ ሙሉ ቁጭ ብሎ አይሰማም። ስለዚህ ጊዜውን እንቆራርጠዋለን። መጀመሪያ ጥቂት ጨዋታ ወይም ጥያቄ። ቀጥሎ መምህሯ አዲሱን ነገር ታሳያለች። ከዚያ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ወይም በቡድን ይሞክሩታል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ለብቻው ይሠራል። መሀል ላይ ከወንበር ተነስቶ መዘርጋት፣ ማጨብጨብ፣ መዝለል አለ። በመስኮት ያየ ሰው «ይሄ ክፍል ይረብሻል» ሊል ይችላል። ልጆቹ ግን የሚናገሩት ስለ ትምህርቱ ከሆነ ያ ድምፅ ሥራ ላይ ያለ ክፍል ድምፅ ነው።

ደብተሩ ባዶ ነው። ዛሬ አልተማሩም እንዴ?

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ጥያቄ ነው። ብዙ ወላጅ ማታ ቦርሳውን ይከፍታል፣ ደብተሩን ይገልጣል፣ የተጻፈ ነገር ካጣ ይናደዳል። ንዴቱ ይገባኛል። ለዩኒፎርም፣ ለደብተር፣ ለባጃጅ የወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ደግሞ እኛ ራሳችን ስንማር «ተማርን» የሚባለው ሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ ሲገለበጥ ነበር።

ግን አስቡት። አንድ ልጅ ገና ማንበብ ሳይችል ከሰሌዳ ሙሉ ገጽ ሊገለብጥ ይችላል። ፊደሉ ያምራል፣ መስመሩን ጠብቋል። «እስቲ የጻፍከውን አንብብልኝ» ስትሉት ዝም ይላል። ቅርጽ ሥሏል እንጂ አልጻፈም። በአንጻሩ ደብተሯ ላይ ምንም የሌላት ልጅ ያን ቀን ተረት ሰምታ፣ ተረቱን በራሷ አንደበት መልሳ ተርካ፣ አምስት አዲስ ቃል ይዛ ልትመጣ ትችላለች። ቆርኪ እየደረደረች 10ን በስንት መንገድ መክፈል እንደሚቻል ደርሳበት ይሆናል። ይህ ደብተር ላይ አይታይም።

በዚህ ዕድሜ ከሚሠራው ውስጥ ትልቁ ድርሻ በአፍ፣ በጆሮና በእጅ የሚሠራ ነው። ጽሑፉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ደብተሩን ከመግለጣችሁ በፊት ልጁን አናግሩት። ሳምንቱን ሙሉ ደብተሩም ባዶ ከሆነ፣ ልጁም የሚናገረው ከሌለው፣ ያኔ መጥታችሁ ጠይቁን። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ልጄ ፊደል ገበታውን በቃሏ ትወጣዋለች። ለምን እንደገና ከ«ሀ» ትጀምራላችሁ?

በቃል መውጣትና ፊደል መለየት የተለያዩ ናቸው። ቤት ሆናችሁ ሞክሩት። ወረቀት ላይ «ሙ»፣ «ቴ»፣ «ሶ»፣ «ግ» ብላችሁ በተዘበራረቀ ሁኔታ ጻፉና ጠይቋት። ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው እየዘመረች ቆጥራ የምትደርስ ከሆነ ገና ዜማውን ነው የያዘችው። ዜማው ጥሩ መነሻ ነው፣ አትጣሉት። ግን ለማንበብ አያበቃም።

መሠረታዊው ፊደል 33 ነው። እያንዳንዱ ሰባት መልክ ስላለው 231 ይሆናል። «ቨ» ሲጨመር 238። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ መሸምደድ ከባድ ነው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ የምናሳየው ፊደሎቹ የሚመሳሰሉበትን መንገድ ነው። «ለ»፣ «በ» እና «ሰ» ካዕብ ሲሆኑ ቀኝ ጎናቸው ላይ አጭር ሰረዝ ይጨመራል፤ «ሉ»፣ «ቡ»፣ «ሱ»። ልጆቹ ይህን ራሳቸው ሲደርሱበት ደስታቸው ሌላ ነው። «ሰ» አናቱ ላይ ሲጨመርበት «ሸ» ይሆናል፤ «ተ» «ቸ»፣ «ነ» «ኘ»፣ «ደ» «ጀ»። ከዚያ ደግሞ «ሩ» እና «ፉ» ይመጡና ደንቡን ያፈርሳሉ። እነሱን ለብቻ ደጋግመን እንይዛቸዋለን።

በጣም የሚያስቸግረው ሳድሱ፣ ማለትም ስድስተኛው መልክ ነው። የምናሳየው በማጨብጨብ ነው። «መጋላ» በሉ፤ መ-ጋ-ላ። ሦስት ጭብጨባ፣ ሦስት ፊደል። «ከዚራ»ም እንደዚያው። «ድሬዳዋ» አራት ጭብጨባ፣ አራት ፊደል። አሁን «ሳቢያን» በሉ፤ ሳ-ቢ-ያን። ሦስት ጊዜ አጨበጨባችሁ፣ ፊደሉ ግን አራት ነው። «ባቡር» ሁለት ጭብጨባ ሆኖ ሦስት ፊደል ነው። «ን» እና «ር» የራሳቸው ጭብጨባ የላቸውም፤ ከፊታቸው ያለው ላይ ይለጠፋሉ። «ድሬዳዋ» ላይ ያለው «ድ» ግን ሳድስ ሆኖም ለብቻው ይጨበጨባል። ልጆች «ባቡር»ን «ባቡ» ብለው የሚጽፉት «ር» የራሱ ጭብጨባ ስለሌለው ነው። ሰነፎች ሆነው አይደለም። ጆሯቸው የሰማውን ነው የጻፉት። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ እንዲህ ስናጨበጭብ ከርመን ነው የሚስተካከለው።

«ሀ፣ ሐ፣ ኀ» እንዲሁም «ሰ» እና «ሠ» ላይ አታስጨንቋቸው። ድምፁ አንድ ነው። የትኛው ቃል በየትኛው እንደሚጻፍ በማንበብ ብዛት ይመጣል።

ቤታችን የሚነገረው ኦሮምኛ (ወይም ሶማሊኛ) ነው። አማርኛ ክፍል ውስጥ ወደ ኋላ ይቀር ይሆን?

መጀመሪያ ምርጫችሁን እወቁ። ድሬዳዋ ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል። በአገር ደረጃም ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲጀምር የሚለው ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ ያለ ነው። ልጁ አማርኛ ጨርሶ የማይሰማ ከሆነ በቤቱ ቋንቋ ቢጀምር ይሻለዋል። ይህን የምለው አማርኛ እያስተማርኩ ነው። ልጅ የማያውቀውን ፊደል በማያውቀው ቋንቋ ሲማር ሁለት ሸክም በአንዴ ነው የሚሸከመው።

ልጁ ከሰፈር ልጆች ጋር አማርኛ የሚያወራ ከሆነ ግን አትፍሩ። የድሬ ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቋንቋ ያስገባል፤ ይህ ግራ መጋባት አይደለም። ክፍል ውስጥ ቃሉ ሲጠፋበት በቤቱ ቋንቋ እንዲናገር እንፈቅዳለን። ጎኑ ያለው ጓደኛው ያስተረጉማል። ከዚያ ሁላችንም አማርኛውን አብረን እንላለን።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። «አማርኛው እንዲጠነክር» ብላችሁ ቤት ውስጥ የራሳችሁን ቋንቋ አታቁሙ። በምታውቁት ቋንቋ ተረት ንገሩት፣ ተከራከሩት፣ አስረዱት። ሐሳብን በአንድ ቋንቋ ማደራጀት የቻለ ልጅ በሌላውም ይችላል። እናት በማትችለው አማርኛ «ና፣ ሂድ፣ ብላ» ብቻ ስትለው ልጁ ሁለቱንም ያጣል።

የእንግሊዝኛው፣ የቁቤውና የሶማሊኛው ፊደል አይምታታበትም?

ትንሽ ይምታታል፤ ምክንያቱም አለው። «ኤክስ» የምትባለውን ፊደል ውሰዱ። በእንግሊዝኛ «ክስ» ትላለች። በቁቤ «ጥ» ናት። በሶማሊኛ ከጉሮሮ የምትወጣ «ሐ» ናት። «ሲ» ደግሞ በእንግሊዝኛ አንዴ «ስ» አንዴ «ክ»፣ በቁቤ «ጭ»፣ በሶማሊኛ ከጉሮሮ የምትወጣ «ዐ» ናት። ከተማችን ውስጥ የሱቅ ማስታወቂያ ላይ እነዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ልጁ ያያል፣ ይጠይቃል። «ይቺ በእንግሊዝኛ እንዲህ ትባላለች፣ በኦሮምኛ ግን እንዲህ» ብላችሁ መልሱለት። «ተሳስተሃል» አትበሉት፤ በአንዱ ቋንቋ ትክክል ሊሆን ይችላል።

ጠዋት ወይም ማታ ቁርአን የሚቀሩ ልጆችም ዓረብኛውን ከቀኝ ወደ ግራ ስለለመዱ መጀመሪያ ሰሞን አማርኛውን ከቀኝ ሊጀምሩ ይችላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። በየመስመሩ ግራ ጫፍ ላይ ትንሽ ነጥብ እናደርጋለን፤ «ከዚህ ጀምር» ማለት ነው። ቤትም እንዲሁ አድርጉ። ቶሎ ይለምዳሉ።

ቆርኪ፣ ጠጠርና ጭራሮ አምጡ የምትሉን ለምንድን ነው?

ለሒሳብ ነው። ለ1ኛ ክፍል ልጅ «7» የሚለው ምልክት ባዶ ነው። ሰባት ቆርኪ ግን ይታያል፣ ይነካል። ሰባቱን ለሁለት ክፈል ስንለው አንዱ 3 እና 4 ያደርጋል፣ ሌላው 5 እና 2፣ ሌላዋ 6 እና 1። ሁሉም ልክ ናቸው። መደመርና መቀነስ ከዚህ ነው የሚወጣው።

ጭራሮው ለአሥር ነው። አሥር አሥሩን በላስቲክ እናስራለን። «13» ማለት አንድ እስርና ሦስት ነጠላ ነው። ልጁ ይህን በእጁ ካልያዘ 13ን እና 31ን ሲያምታታ ይከርማል። 2ኛ ክፍል ላይ «መያዝ» እና «መበደር» ሲመጣ ደግሞ እስሩን ፈትቶ ያየ ልጅ ምን እየተበደረ እንደሆነ ያውቃል።

ልጃችሁ ጉሊት ላይ አብሯችሁ የሚቀመጥ ከሆነ ብዙ ሒሳብ ይዞ ነው የሚመጣው። ቀፊራ ገበያ ማንጎ በመደብ ተደርድሮ ሲሸጥ ያየ ልጅ በአምስት በአምስት መቁጠር አይከብደውም። የገንዘብ መልስ ሲመልስ የማይሳሳት ልጅ ሰሌዳ ላይ «7 + 5» ስትሉት ሊደናገር ይችላል። ችሎታው አለ፤ ምልክቱን ነው ያልለመደው። እኛ ከሚያውቀው እንነሳለን። እናንተም ገበያ ይዛችሁት ስትሄዱ አስቆጥሩት።

በጣት መቁጠርን አትከልክሉ። ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይተወዋል።

ተረት፣ እንቆቅልሽና ሰኞ ማክሰኞ የሰፈር ጨዋታ አይደሉም እንዴ? ክፍል ውስጥ ምን ይሠራሉ?

ሰኞ ማክሰኞ ላይ ቁጥር አለ፣ ሚዛን መጠበቅ አለ፣ ተራ መጠበቅ አለ። ተረት ላይ «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ብሎ መገመት አለ፤ ማንበብ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የማይመልስ ልጅ ክፍላችን ውስጥ የለም፤ ዝምተኛው እንኳን በዚህ አፉን ይፈታል።

እንቆቅልሽ ላይ ደግሞ መልሱ የጠፋበት «አገር ስጠኝ» ይባላል። ልጆቹ ሐረርን ይሰጣሉ፣ ጅቡቲን ይሰጣሉ፣ አያታቸው ያለችበትን ገጠር ይሰጣሉ። «የት ነው ያለው? በምን ይኬዳል?» ብለን እዚያው ላይ እንጠይቃለን።

አካባቢ ሳይንስ ላይ ምን ይማራሉ?

ሰውነታቸውን፣ ቤተሰባቸውን፣ ሰፈራቸውን፣ እንስሳትንና ተክሎችን፣ ውሃንና አየርን። ከመጽሐፉ ባሻገር ድሬ ራሷ ብዙ ታስተምራለች። የምወደው ትምህርት ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል። ጎርፉ ግን የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ፀሐይ እያለ፣ ተራራው ላይ የዘነበው ይደርሳል። በ1998 ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ብዙ ሰው ጨርሷል። ዛሬ ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች አልተወለዱም ነበር፤ እናንተ ግን ታስታውሳላችሁ።

ስለዚህ ልጆቹ ወደ ተራራው አቅጣጫ ማየትን፣ እዚያ ደመና ሲጠቁር ከአሸዋው መውጣትን ይማራሉ። በአሸዋና በውሃ ትንሽ ተዳፋት ሠርተን ውሃው ከላይ ወደ ታች እንዴት እንደሚሰበሰብ ያያሉ። ቤት ሲመጡ ያዩትን እንዲነግሯችሁ አድርጉ።

ሙቀቱስ? ከሰዓት ፈረቃ ያሉት አይደክሙም?

ይደክማሉ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ ሐረር ብትሄዱ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፣ አየሩም ሌላ ነው። ለጠዋት ፈረቃ ማንበብና ሒሳብን ቀድመን፣ ሥዕልንና መዝሙርን ወደኋላ እናደርጋለን። ለከሰዓቱ ፈረቃ ደግሞ እንደገቡ ፊት ታጥበው፣ ውሃ ጠጥተው፣ በጸጥታ ተረት በመስማት እንጀምራለን። ሩጫው ፀሐይ ሲበርድ ነው።

ከእናንተ የምንፈልገው የውሃ ኮዳና ቁርስ ነው። ፈጢራ ይሁን ቂጣ በሻይ፣ ባዶ ሆድ ብቻ አይሁን። ጥዋት ሳይበላ የመጣ ልጅ ከሰልፍ ጀምሮ ይታወቃል።

ክፍሉ ውስጥ ልጅ በዝቷል። መምህሯ ለልጄ እንዴት ትደርሳለች?

በአንድ ቀን ለሁሉም አትደርስም። ስለዚህ ቀን ታከፋፍላለች። ሌሎቹ በቡድን ሲሠሩ ጥቂት ልጆችን ጠጋ ብላ ታስነብባለች፣ የከበዳቸውን ትይዛለች። በማግስቱ ሌሎቹን። የ1ኛ ክፍል ምዘና በዋናነት በዚህ መንገድ በየቀኑ የሚሠራ ነው፤ ተከታታይ ምዘና የሚባለው ይኸው ነው። የቀረው ጉዳይ የአቀማመጥ ነው። ልጃችሁ ማየት ወይም መስማት የሚያስቸግረው ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ፊት እናስቀምጠዋለን።

በግራ እጁ ይጽፋል። እናስተወው?

አታስተዉት። ደብተሩን ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብሎ እንዲያስቀምጥ አሳዩት፤ በቂ ነው።

እኔ ማንበብ አልችልም። የቤት ሥራውን እንዴት ልርዳት?

ይህን ጥያቄ ብዙ እናቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁኝ። ዝቅ የሚያደርግ ነገር የለውም። ልጃችሁ ለማንበብ የሚያስፈልጋትን ትልቁን ነገር፣ ቋንቋውን፣ የሰጣችኋት እናንተ ናችሁ።

ማታ አጠገባችሁ ቁጭ ትበልና ታንብብላችሁ። እናንተ ስሙ። ስትጨርስ «ምንድን ነው ያነበብሽው? ከዚያስ ምን ሆነ? ለምን?» በሉ። ትርጉም ከሌለው «አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» በሉ። ለማስረዳት ስትል ደግማ ታነባለች። 10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃል። የራሳችሁን ስም እንድትጽፍላችሁ ጠይቋት። ባጃጅ ውስጥ ስትሆኑ ውጭ ያለውን ጽሑፍ እንድታነብ አድርጉ።

የቤት ሥራውን ታላቅ ወንድም ወይም አስጠኚ እንዳይሠራላት። ተሳስታ ብትመጣ ስህተቱ ለእኛ ይጠቅመናል፤ የት እንደከበዳት ያሳየናል። ሁሉም ልክ ሆኖ በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ ሲመጣ ምንም አናውቅም። ለ1ኛ ክፍል ልጅ በየቀኑ አስጠኚ መቅጠርም አይታየኝም። ያን ጊዜ ተጫውታ ትደር።

ጓደኞቹ ማንበብ ጀምረዋል፣ እሱ ገና ነው። መቼ ልስጋ?

ልጅ ከልጅ ይለያል። ኬጂ የተማረና በቀጥታ 1ኛ ክፍል የገባ እኩል አይጀምሩም። መጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ላይ ልዩነቱ ሰፊ ቢሆን አልደነግጥም። የ1ኛ ክፍል ዓመት ሊያልቅ ሲል ግን ልጁ አጫጭር ቃላትን ማንበብ ካልቻለ ዝም ብለን 2ኛ ክፍል እንዲገባ መጠበቅ የለብንም።

ከሁሉ በፊት ዓይንና ጆሮው ይታይ። መጽሐፉን አፍንጫው ሥር ያደርጋል? ሰሌዳ ሲያይ ዓይኑን ያጠባል? ከኋላ ስትጠሩት አይሰማም? ቴሌቪዥኑን በጣም ያስጮሃል? እነዚህ ካሉ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። «ሰነፍ» ሲባል የከረመ ልጅ ችግሩ መነጽር ብቻ ሆኖ ሲገኝ ያሳዝናል። ዓይንና ጆሮው ደህና ከሆነ፣ እኔና እናንተ ተቀምጠን የትኞቹ ፊደሎች እንደቀሩት እናያለን። አብዛኛውን ጊዜ የቀሩት የሚለዩ ናቸው፤ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ይያዛሉ።

እባካችሁ ፊቱ ላይ «ደደብ» አትበሉት። ከእህቱም ጋር አታወዳድሩት። አንዴ «እኔ አልችልም» ካለ ፊደሉን ከማስተማር ይልቅ ያን ማስለቀቅ ይከብዳል።

«ዛሬ ምን ተማርክ?» ስለው «ምንም» ይለኛል። ምን ልጠይቀው?

ጥያቄው ሰፍቶበት ነው። ጠበብ አድርጉለት። «ዛሬ ማን አጠገብ ተቀመጥክ? ምን ተረት ሰማችሁ? በቆርኪው ምን ሠራችሁ? ምን አሳቀህ? ምን ከበደህ?» በሉት። ወይም «እኔን አስተምረኝ» ብላችሁ ተማሪ ሁኑለት። ጠመኔ ስጡትና በሩ ላይ ይጻፍ። ድሬ ልጅ ዝም ማለት አይችልም፤ አንዴ ከጀመረ ምሳው ይቀዘቅዛል።

መምህሯን መቼ ላናግራት?

ጠዋት ሰልፍ ሰዓት ላይ ባይሆን ጥሩ ነው። ያን ጊዜ ዓይናችን ልጆቹ ላይ ነው። ፈረቃው ሲያልቅ ኑ፣ ወይም በልጁ ደብተር ጀርባ «ላናግርሽ እፈልጋለሁ» ብላችሁ ጻፉ። መጻፍ የማይመቻችሁ ከሆነ ለልጁ ንገሩት፣ መልእክት ያደርሳል። ስትመጡ ልጁንም ይዛችሁ ኑ፤ ያነበበውን አብረን እንሰማዋለን።